ከጨጓራ ቀዶ ሕክምና በኋላ ብረት ሲጎድል ምን ይደረጋል?

ይህ መመሪያ የሚጠቅመው ለሁለት ዓይነት ሰዎች ነው። አንደኞቹ ውፍረት ለመቀነስ ብለው ውጭ አገር ወይም አዲስ አበባ ጨጓራቸውን ያስቀነሱና ወደ ቡሬ፣ ወደ ፍኖተ ሰላም ወይም በዙሪያው ወዳለው ገጠር የተመለሱ ናቸው። በእኛ አካባቢ ቁጥራቸው ጥቂት ነው። ሁለተኞቹ የጨጓራ ቁስል ለዓመታት ሲያሠቃያቸው ቆይቶ የምግቡን መውጫ ስለዘጋባቸው፣ ሐኪም ጨጓራቸውን ከትንሹ አንጀት ዝቅ ካለ ቦታ ጋር በቀጥታ ያገናኘላቸው ናቸው፤ እነዚህ ይበዛሉ። የመጀመሪያው ሰው ወፍሮ፣ ሁለተኛው ከስቶ ነው ቀዶ ሕክምና ክፍል የገባው። በብረት በኩል ግን ሁለቱም አንድ ዓይነት ችግር ይዘው ይወጣሉ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ከእህልና ከአትክልት የምናገኘው ብረት ወደ ሰውነት እንዲገባ መጀመሪያ የጨጓራ አሲድ ሊያሟሟው ይገባል። ከዚያ በአብዛኛው የሚመጠጠው ከጨጓራ ቀጥሎ ባለው የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ነው፤ ሐኪሞች ዱዲነም ይሉታል። «ባይፓስ» የተባለው የውፍረት ቀዶ ሕክምና ምግቡ ይህን ቦታ ሳይነካ እንዲያልፍ ያደርጋል፤ አሲዱንም ይቀንሳል። የቁስሉ ቀዶ ሕክምናም ብዙውን ምግብ በአዲሱ መንገድ ያሳልፈዋል፤ አሲድ የሚያመነጨው ክፍል ነርቭ አብሮ ከተቆረጠ ደግሞ አሲዱም ያንሳል። «ስሊቭ» የሚባለው፣ ጨጓራውን አጥብቦ ቱቦ የሚያስመስለው ዓይነት፣ የምግቡን መንገድ አይቀይርም፤ ሆኖም አሲድንም የምግብ መጠንንም ስለሚቀንስ ጉዳቱ ቀለል ይላል እንጂ አይቀርም።

ስለዚህ ጎረቤትዎን ያዳነ ኪኒን ለእርስዎ ላይበቃ ይችላል። የኪኒኑ ጥራት አንሶ አይደለም፤ መግቢያው ስለተቀየረ ነው።

አንደኛ፦ የተሠራልዎትን በወረቀት ይያዙ

ጤና ጣቢያ ሄደው «ጨጓራዬን ተሠርቻለሁ» ቢሉ ባለሙያው ምንም ሊገምት አይችልም። ከሆስፒታሉ የወጡበትን ወረቀት ፈልገው ያውጡ። ውጭ አገር ከተሠራልዎት ወረቀቱ በቱርክኛም ይሁን በዐረብኛ፣ የቀዶ ሕክምናው ስም በእንግሊዝኛ ተጽፎ እንዲሰጥዎት በስልክም ቢሆን ይጠይቁ። የተሠራበትን ዓመት፣ ዓይነቱን (ባይፓስ፣ ስሊቭ ወይም የቁስል ማገናኛ) እና ሲወጡ የታዘዙልዎትን መድኃኒቶች በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ። ሥራው የአንድ ቀን ነው፤ ጥቅሙ ግን ዕድሜ ልክ ይዘልቃል።

ሁለተኛ፦ ይለኩ፣ ቁጥሩንም በከፍታው ያንብቡት

ድካም፣ ዳገት ላይ ትንፋሽ ማጠር፣ ልብ መምታት፣ ብድግ ሲሉ ማዞር፣ የፀጉር መርገፍ፣ ማታ ተኝተው እግርን ማሳረፍ አለመቻል፤ እነዚህ ሁሉ ሊታዩ ይችላሉ። አንድ ምልክት ግን ሰው ስለሚያፍርበት ለሐኪም አይነገርም፦ አፈር፣ ከሰል ወይም ጥሬ እህል የመብላት አምሮት። በእርግዝና ጊዜ እንደ ተራ ነገር የሚቆጠረው ይህ አምሮት ብዙ ጊዜ የብረት እጥረት ምልክት ነው። ካለብዎት ሳያፍሩ ይናገሩ።

የሚጠይቁት ምርመራ ሁለት ነው። አንዱ ሲቢሲ የሚባለው ሙሉ የደም ቆጠራ ሲሆን በሆስፒታልና በአንዳንድ ጤና ጣቢያ ይሠራል። ሌላው ፌሪቲን ነው፤ የተጠራቀመውን የብረት ክምችት ያሳያል። ይሄኛው በሁሉም ቦታ አይገኝም፤ ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ካላገኙት ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ሲሄዱ ያስመርምሩት። ፌሪቲን ከ30 በታች ከሆነ ብረቱ መጉደሉ አያጠራጥርም ማለት ይቻላል። ኢንፌክሽን ወይም ሌላ ሕመም ካለ ግን ቁጥሩ በሐሰት ከፍ ስለሚል፣ እስከ 100 ቢደርስም ሐኪሙ እጥረት ነው ሊልዎት ይችላል።

ሲቢሲ ከሚያሳያቸው አንዱ በሆነው በሄሞግሎቢን ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። የተለመደው መለኪያ ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት 12፣ ለነፍሰ ጡር 11፣ ለወንድ 13 ነው። ይህ ግን ለዝቅተኛ አገር የተሠራ ቁጥር ነው። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ሰውነት ተጨማሪ ደም ይሠራል። የዓለም የጤና ድርጅትም ለከፍታ ማስተካከያ ያደርጋል፤ በእኛ አካባቢ መለኪያው ላይ አንድ ግራም ገደማ ይጨመራል። ስለዚህ ቡሬ ላይ የምትኖር ሴት ውጤቷ 12.3 ሆኖ «ኖርማል ነው» ብትባል፣ ፌሪቲኗ ሳይታይ ነገሩን መዝጋት አይገባትም። ወደ ብር ሸለቆና ወደ ዓባይ በረሃ ዝቅ ሲሉ ማስተካከያው ያንሳል።

ሦስተኛ፦ ደሙ የሚፈስበት ሌላ ቀዳዳ አለ ወይ?

ቀዶ ሕክምና ስለተደረገልዎት ብቻ ሁሉን ነገር በእሱ አያሳብቡ። በ2016 (እ.ኤ.አ.) በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ኢትዮጵያውያት 24 በመቶዎቹ፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ደግሞ 57 በመቶዎቹ ደም ማነስ ተገኝቶባቸዋል። ከእነዚህ አብዛኞቹ ጨጓራቸው አልተነካም። በተበሳ እንስራ ውኃ መቅዳት ድካም ነውና መጀመሪያ ቀዳዳውን ይፈልጉ።

በገጠራችን የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ሁክዎርም የሚባለው የአንጀት ትል ነው። በእርጥብ መሬት ላይ ባዶ እግር ሲረገጥ እጩ ትሉ በቆዳ ይገባል፤ ከዚያ አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ይመጥጣል። በመስኖ ቃሪያ፣ ሽንኩርትና በቆሎ የሚያለማ፣ ጓሮ የሚጸዳዳ፣ ዝናብ በያዘው ማሳ ላይ ያለ ጫማ የሚውል ሰው ይህን ትል ሳያስመረምር ኪኒን ብቻ ቢውጥ አይድንም። ምርመራው የሰገራ ነው። መድኃኒቱም ቀላል ነው፦ አልቤንዳዞል 400 ሚሊግራም፣ ብዙ ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ ይዋጣል። በእርግዝና የመጀመሪያ ሦስት ወራት ግን አይወሰድም። የትምህርት ቤት የትል ዘመቻ ልጆችን እንጂ ትልልቆችን አይደርስም፤ «ልጆቹ ወስደዋል» ብለው አይቅሩ። ከዚያ በኋላም የማሳ ቦት ጫማ ካልገዙ ትሉ ይመለሳል።

ወባም ደም ያፈርሳል፤ ትኩሳት ካለ መጀመሪያ የወባ ምርመራ ይደረግ። ሴት ከሆኑ የወር አበባዎ ብዛት ይጠየቅ፤ በአንድ ሰዓት ጨርቅ ወይም ሞዴስ የሚያስቀይር፣ የረጋ ደም ያለበት ወይም ከሰባት ቀን የሚያልፍ ከሆነ ራሱን የቻለ ሕክምና ያስፈልገዋል።

ስለ ሕመም ማስታገሻ ጠንከር ብዬ ልናገር። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን በየመድኃኒት መደብሩ ያለ ወረቀት ይሸጣሉ፤ ወገብ ላመመው፣ ጉልበት ለያዘው ሁሉ ይሰጣሉ። ጨጓራው ከአንጀት ጋር ለተገናኘለት ሰው እነዚህ መድኃኒቶች መገናኛው ላይ ቁስል ሊያወጡ፣ ቁስሉም ቀስ እያለ ሊደማ ይችላል። ሲጋራም እንዲሁ ነው። ለሕመም ፓራሲታሞል ይጠይቁ፤ መርፌም ሲሰጥዎት ዲክሎፌናክ አለመሆኑን ያረጋግጡ፣ በመርፌ ቢሰጥም ጉዳቱ ያው ነውና።

ኤች ፓይሎሪ የተባለው የጨጓራ ባክቴሪያም ብረት እንዳይገባ ያደርጋል። ምርመራውን ያድርጉ፤ ከተገኘ ሙሉ ሕክምናውን ሳያቋርጡ ይጨርሱ።

አራተኛ፦ ኪኒኑ

ጤና ኬላ ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው ኪኒን 60 ሚሊግራም ብረትና 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ አለው። መልካም ኪኒን ነው። ነገር ግን በባይፓስ ለተሠራ ሰው በቀን 60 ሚሊግራም መጠበቂያ እንጂ ማዳኛ አይደለም። ዓለም አቀፍ የውፍረት ቀዶ ሕክምና መመሪያዎች ለመከላከል በቀን ከ45 እስከ 60 ሚሊግራም፣ እጥረቱ ከመጣ በኋላ ግን ከ150 እስከ 200 ሚሊግራም ንጹሕ ብረት ይላሉ።

«ንጹሕ ብረት» የተባለው ማሸጊያው ላይ በትልቁ ከተጻፈው ቁጥር ይለያል። 200 ሚሊግራም ደረቅ ፌረስ ሰልፌት ውስጥ ያለው ብረት 65 ሚሊግራም ብቻ ነው። 300 ሚሊግራም ፌረስ ግሉኮኔት ውስጥ ደግሞ 35 ገደማ ነው። መድኃኒት ቤት ሲሄዱ የሁለቱን ስም ለይተው ይጠይቁ፤ «አይረን ስጡኝ» ብለው የመጣልዎትን አይውሰዱ። ስንት ፍሬ እንደሚወስዱም ሐኪሙ ወይም የፋርማሲ ባለሙያው ይጻፍልዎት።

አንድ ዓይነት ኪኒን ግን እንዳይገዙ፦ ጨጓራ እንዳይነካ ተብሎ የተለበጠ ወይም ቀስ ብሎ የሚሟሟ የተባለ። ዋጋው ይበልጣል፤ ለእርስዎ ግን የሚሟሟው ብረት ከሚገባበት ቦታ ካለፈ በኋላ ነው። ገንዘብዎ ሽንት ቤት ገባ ማለት ነው። ኪኒን መዋጥ ለሚከብደው ሽሮፕ ይሻላል፤ ጥርስ ስለሚያጠቁር በመምጠጫ መጠጣትና አፍን መጉመጥመጥ ነው።

መቼ ይወሰድ? ጠዋት ሲነሡ፣ 12 ሰዓት ገደማ፣ በባዶ ሆድ፣ በውኃ። ጠዋት የሚመረጠው ብረት እንዳይገባ የሚከለክለው የሰውነት ንጥረ ነገር በማለዳ ዝቅ ስለሚል ነው። ሆድ ከበጠበጠ ጥቂት ምግብ ይጨመርበት፤ ከማቆም ይሻላል። ካልሲየም፣ ወተትና የአሲድ ማስታገሻ ቢያንስ በሁለት ሰዓት ይራቁ። የታይሮይድ ኪኒን የሚወስድ ሰው አራት ሰዓት ያራርቅ፤ ዶክሲሳይክሊንና ሲፕሮ የተባሉት አንቲባዮቲኮችም ከብረት ጋር ከተገናኙ ሥራቸውን ያጣሉ። ኦሜፕራዞል አሲድ ስለሚቀንስ የብረትን መግባት ያዳክማል፤ ግን ቁስል እንዳይወጣ ተብሎ የታዘዘ ከሆነ በራስዎ አያቁሙት፤ ሐኪሙን «እስከ መቼ ልውሰድ?» ብለው ይጠይቁ።

በየቀኑ ወይስ በየሁለት ቀኑ? በ2017 (እ.ኤ.አ.) ስዊዘርላንድ ውስጥ ብረት ባነሳቸው ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት በየሁለት ቀኑ መውሰድ ከእያንዳንዱ ኪኒን የሚገባውን ብረት እንደሚያሳድግ አሳይቷል። እነዚያ ሴቶች ግን ጨጓራቸው ደህና ነበር። ለተሠራ ሰው ውሳኔው የሐኪም ነው። ኪኒኑ ክፉኛ ካስታወከዎት ወይም ሆድዎን ካደረቀዎት ግን ይህን ሐሳብ ለሐኪምዎ ያንሡለት።

ሰገራ መጥቆሩ አይግረምዎት፤ የብረቱ ቀለም ነው። የሚያስፈራው እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅና የሚሸት፣ ከማዞርና ከላብ ጋር የሚመጣ ጥቁር ሰገራ ነው፤ ያ ደም ነው፤ በዚያኑ ቀን ሆስፒታል ይሂዱ።

አምስተኛ፦ ቡና፣ ጤፍና ጾም

ቡና ተው ብሎ ጎጃሜን መምከር ቀልድ ነው፤ አልሞክረውም። የቡናውን ሰዓት ማንቀሳቀስ ግን ይቻላል። በ1983 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ስኒ ቡና የሚገባውን ብረት በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ እንደሚቀንስ አገኘ። ከሁሉ የሚገርመው፣ ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት የተጠጣ ቡና ምንም አልቀነሰም፤ ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ የተጠጣው ግን አብሮ እንደተጠጣው ያህል ቀነሰ። እኛ ደግሞ አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን የምንደረድረው ልክ ከምሳ በኋላ ነው። ስለዚህ ኪኒኑን 12 ሰዓት፣ የጠዋቱን ቡና ከ2 ሰዓት በኋላ፣ የቀኑን ቡና ደግሞ ከምሳ በፊት ያድርጉት፤ ጎረቤቶች ከምሳ በኋላ ከጠሩዎት ቢያንስ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይተው ይሂዱ።

ስለ ጤፍ «ደም ይሆናል» ይባላል፤ በተለይ ቀዩ። ጤፍ ብረት አለው፤ ነገር ግን በላቦራቶሪ ከሚለካው ብረት ብዙው አውድማ ላይ በበሬ ሲወቃ ከአፈር የተቀላቀለ ነው፤ የአፈር ብረት ደግሞ ወደ ደም እምብዛም አይገባም። ጤፉ ውስጥ ያለው ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገርም ብረቱን ይይዘዋል። እዚህ ላይ የእናቶቻችን ሙያ ይጠቅማል፦ ሊጡ በደንብ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል። ትናንት ተቦክቶ ዛሬ የሚጋገር የገበያ እንጀራና ሦስት ቀን የቆየ እርሾ ያለው የቤት እንጀራ በዚህ በኩል እኩል አይደሉም።

ቀይ ሥር የሚበላው ቀለሙ ደም ስለሚመስል ነው፤ ብረቱ ጥቂት ነው። መብላቱ አይጎዳም፤ ሕክምና ነው ብሎ ማመኑ እንጂ። ይልቅ ከሽሮና ከምስር ጋር ጥሬ ቃሪያ፣ ቲማቲም ወይም ሎሚ ይጨመር። የቡሬና የጃቢ ጠህናን በርበሬ የሚታወቀው ከደረቀ በኋላ ነው፤ ገና አረንጓዴ ሳለ ግን በቫይታሚን ሲ የበለጸገ ነው፤ ቫይታሚን ሲ የእህልን ብረት እንዲገባ ያግዛል። ለዚህ ሲባል ውድ የቫይታሚን ኪኒን መግዛት አያስፈልግም።

በፍስክ ቀን ሥጋ፣ ጉበትና እንቁላል በትንሽ በትንሹ፣ በደንብ ታኝኮ ይበላ። የሥጋ ብረት ብዙ አሲድ ሳይፈልግ ስለሚገባ ለተሠራ ሰው ከሁሉ የተሻለው ነው። ቀይ ሥጋ ጨጓራዎ ላይ ከከበደ በቀጭኑ የተከተፈ ቅቅል ይሞክሩ። ጥሬውን ይተዉት፤ ኮሶ ያመጣል፤ ጠባቧ ጨጓራም አትችለውም። ነፍሰ ጡር ጉበት አታብዛ፤ ቫይታሚን ኤ ይበዛበታል።

ጾሙን በተመለከተ፣ የሁዳዴ 55 ቀን ብቻውን ለሁለት ወር ያህል ከእንስሳት ምግብ ያርቃል፤ ረቡዕና ዓርብ፣ ፍልሰታና ሌላው ሲጨመር ከዓመቱ ከግማሽ ያላነሰው ነው። ሄሞግሎቢንዎ እስኪስተካከል ለንስሐ አባትዎ የምርመራ ወረቀቱን አሳይተው ይነጋገሩ። ለታመመና ለነፍሰ ጡር ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አላት፤ አባቶች ይህን ያውቃሉ። ኪኒን መዋጥ ጾም ይሽራል ብለው ለሚፈሩም ጥያቄው ለአባቶች ቢቀርብ ይሻላል፤ በራስ ውሳኔ አቋርጠው ወር ሙሉ የሚቀሩ ብዙ ናቸውና። የሚጾሙ ከሆነ ደግሞ ጠዋት የሚወሰደው ኪኒን ወደ ማታ፣ ከራት ሁለት ሰዓት በኋላ ሊሸጋገር ይችላል።

ድስትም ይቆጠራል። በ1999 (እ.ኤ.አ.) ላንሴት ላይ የታተመ፣ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ በሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት፣ በብረት ድስት የተቀቀለ የበሉ ልጆች ሄሞግሎቢናቸው በአሉሚኒየም ድስት ከበሉት ይልቅ እንደጨመረ አሳይቷል። የብረት ድስት ካለዎት ቲማቲም የገባበትን ወጥ በእሱ ይሥሩ።

ስድስተኛ፦ ኪኒኑ ካልሠራ

ኪኒኑን በትክክል ከወሰዱ ሄሞግሎቢን በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ግራም ያህል ሊጨምር ይገባል። ካልጨመረ ሦስት ጥያቄ አለ፦ እየወሰዱት ነው? እየደሙ ነው? ወይስ አይገባም? ሦስተኛው ከሆነ ኪኒን መጨመር መፍትሔ አይሆንም፤ በደም ሥር የሚሰጥ አይረን ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ይህን «ግሉኮስ» ከሚለው ነገር ጋር ያመሳስለዋል፤ አይደለም። ጉልበት ይሰጣል ተብሎ በየክሊኒኩ የሚተከለው ግሉኮስ የብረት ጠብታ እንኳ የለውም።

በደም ሥር የሚሰጠው አይረን ሱክሮስ ብዙ ጊዜ በአንድ ቀጠሮ 200 ሚሊግራም እየሆነ በተከታታይ ይሰጣል፤ ሌሎች ዓይነቶች በአንድ ቀጠሮ ብዙ ይሰጣሉ። አልፎ አልፎ ከባድ አለርጂ ስለሚያስከትል ኦክሲጅንና አድሬናሊን ባለበት ሆስፒታል እንጂ ቤት ውስጥ አይተከልም። ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ሪፈራል ሲጻፍልዎት፣ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን፣ ወይም ደብረ ማርቆስ ከመሄድዎ በፊት መድኃኒቱ መኖሩን ያስደውሉ። የማኅበረሰብ ጤና መድኅን አባል ከሆኑ ሪፈራሉን ሳይዘሉ ከጤና ጣቢያ ይጀምሩ፤ አለበለዚያ ወጪው በራስዎ ይሆናል።

ለተሠሩ ሰዎች ብረት ብቻውን አይጎድልም። ቢ12ም ይጎድላል፤ የእግር መደንዘዝና የምላስ መቅላት ምልክቱ ነው። በፎሊክ አሲድ ብቻ ደሙ ቢሻሻል እንኳ የነርቭ ጉዳቱ ሊቀጥል ስለሚችል፣ ጤና ኬላ የሚሰጠውን የብረትና ፎሊክ ኪኒን እየወሰዱ ያሉ ሰዎች ቢ12 መርፌ እንደሚያስፈልጋቸው ሐኪም ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ በወር 1,000 ማይክሮግራም ይሰጣል።

ለመውለድ ያሰበች ከውፍረት ቀዶ ሕክምና በኋላ ከ12 እስከ 18 ወር ትቆይ። ፀንሳ ከተገኘች ደግሞ የመጀመሪያ ክትትሏ ላይ «ተሠርቻለሁ» ትበል፤ የሁሉም ሴት መጠን ለእሷ አይበቃትም።

ሄሞግሎቢኑ ከተስተካከለ በኋላ ክምችቱ እንዲሞላ ሕክምናው ቢያንስ ሦስት ወር ይቀጥላል፤ ከዚያ ወደ መጠበቂያው መጠን ይወርዳል፤ ለባይፓስ ሰው ይህ ዕድሜ ልክ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ላይ በ3፣ በ6 እና በ12 ወር፣ ከዚያ በየዓመቱ ይለካ። መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ እንዳይቋረጥ የሁለት ወር መድኃኒት በቤትዎ ይኑር፤ ነገር ግን የልጆች እጅ በማይደርስበት፣ በሚቆለፍ ሳጥን ይቀመጥ። ጥቂት የብረት ፍሬዎች ትንሽ ልጅን ይገድላሉ፤ ልጅ ከዋጠ አስታውኩት ብለው ሳይቆዩ ማሸጊያውን ይዘው ወደ ሆስፒታል ይሩጡ።